በጅማ ዙሪያ የግጦሽ መስኮች ወፎችን ለማየትና ፎቶ ለማንሳት ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ አዲሱ ነዋሪ

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ በሥራ ዝውውር ወደ ጅማ የመጣሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የምኖረው ከተማው ወደ አዲስ አበባ በሚወጣበት በኩል ስለሆነ ጠዋትና ማታ በቦዬ ረግረግ አቅራቢያ አልፋለሁ። እዚያ መስክ ላይ በሚግጡት ከብቶች መካከል ሰውነታቸው ጥቁር፣ ክንፋቸው ላይ ሰፊ ነጭ ያለባቸው፣ አናታቸው ላይ ወርቃማ ላባ እንደ ዘውድ የደፉ፣ ቁመታቸው አንድ ሜትር የሚጠጋ ወፎች አያለሁ። ጥቁሩ ባለዘውድ ክሬን እንደሚባሉ ያወቅሁት ጉንጫቸው ከላይ ነጭ፣ ከታች ቀይ መሆኑን ከሥዕል ጋር ካስተያየሁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ልቤ ከእነርሱ ጋር ቀርቷል።

ያለኝ መለስተኛ ዲጂታል ካሜራና ከ70 እስከ 300 ሚሊሜትር የሚደርስ ሌንስ ነው። ከመንገዱ ወርጄ ወደ ወፎቹ መራመድ ስጀምር ገና ሩቅ ሳለሁ አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ፤ ጥቂት ስቀርብ ጀርባቸውን ሰጥተው ቀስ እያሉ ይርቃሉ፤ ለእኔ የሚቀረኝ የጭራቸው ፎቶ ብቻ ነው። ሁለተኛው ችግር ከወፎቹ የባሰ ነው። ካሜራዬን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አድርጌ ሳስተካክል እረኞቹ ይሰበሰባሉ። በቅርቡ ደግሞ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱኝ ከቆዩ በኋላ «መሬቱን የምትለካው ለማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ወፍ እያነሳሁ ነው ብላቸው አላመኑኝም፤ አለማመናቸውንም አልፈርድባቸውም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። በዚህ ሌንስ ደህና ፎቶ ማግኘት ይቻላል ወይስ ገንዘብ አጠራቅሜ ረጅሙን መግዛት አለብኝ? ወፎቹን ሳልረብሽ፣ የመስኩን ባለቤቶችም ሳላስከፋ ለመቅረብ ምን ማድረግ ይገባኛል? ከቦዬ ሌላ በቅዳሜና እሑድ ደርሼ ልመለስባቸው የምችላቸው ቦታዎችስ የት ናቸው?

መልስ፦ ሳቢሳ

እንኳን ደህና መጡ። የመጨረሻውን ጥያቄዎን ሌሎች እንደሚመልሱልዎ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኔ በሁለቱ ላይ ላተኩር።

በመጀመሪያ ማቆሚያውን ቤት ይተዉት። በገጠር መስክ ላይ ባለ ሦስት እግር ነገር ተክሎ በላዩ ላይ ባለው መሣሪያ አሻግሮ የሚመለከት ሰው ቀያሽ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። የጋራ ግጦሽ በየዓመቱ እየጠበበ፣ ዳር ዳሩ ለባሕር ዛፍ፣ ለጡብ ጭቃና ለአትክልት እየተወሰደ ባለበት አካባቢ ሽማግሌው ያን ጥያቄ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። በማቆሚያው ፋንታ የቡና ገለባ የሞላ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይያዙ። መሬት ላይ ተቀምጠው ከረጢቱን ጉልበትዎ ወይም ጉብታ ላይ አድርገው ሌንሱን ቢያስደግፉበት ለ300 ሚሊሜትር ከበቂ በላይ ነው፤ ክብደትም የለውም፣ ማንንም አያስደነግጥም።

ወደ ወፎቹ ስመጣ፣ የእርስዎ ችግር የሌንሱ ርዝመት አይመስለኝም። ካሜራዎ አነስተኛ ሴንሰር ያለው ዓይነት ከሆነ 300ው የ450 ያህል እይታ ይሰጥዎታል፤ ለአንድ ሜትር ወፍ ይህ ብዙ ነው። ችግሩ አቀራረብዎ ነው። ክሬኑ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ዓይኑን ተክሎ፣ በቀጥታ የሚመጣበትን ሰው ይፈራል። ከብትን ግን አይፈራም፤ ከከብት ጋር የሚንቀሳቀስ እረኛንም ከልጅነቱ ጀምሮ ስለለመደው ብዙም አይሸሽም። ስለዚህ ወፎቹን መከተል ትተው ከብቶቹን ይከተሉ፤ እንዲያውም ይቅደሟቸው። መንጋው በየትኛው በኩል ገብቶ ወዴት እየጋጠ እንደሚሄድ ለጥቂት ጠዋቶች ከተመለከቱ የሚያልፍበትን መስመር ያውቁታል። ከመድረሱ በፊት መስመሩ ዳር ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው ይቀመጡ፤ አይነሱ፣ አይንቀሳቀሱ። ላሞቹ እየጋጡ በዙሪያዎ ሲያልፉ፣ ከእግራቸው ሥር የሚፈናጠረውን ፌንጣ ለመልቀም ነጭ ሳቢሳዎቹ አብረው ይመጣሉ፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ የመጣችው፣ ደረቷ ቢጫ የሆነው ጅራት አወዛዋዥ ትንሽ ወፍ በላሞቹ አፍንጫ ሥር ስትሯሯጥ ያገኟታል። ይህች ወፍ ለብቻዋ ሲሄዱባት ገና ከሩቅ ትነሳለች፤ ላም መካከል ግን እርስዎን ከላም አትለይዎትም። ክሬኖቹም በራሳቸው ጊዜ እየለቀሙ ይቀርባሉ።

ጊዜው ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3 ሰዓት ነው። የጅማ ጠዋት ጉም ስለሚበዛበት የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ብዙ ጊዜ ግራጫ ነው፤ ይሁንና ጉሙ ሊገፈፍ ሲል የሚገኘው ለስላሳ ብርሃን ለጥቁር ላባ ከሁሉ ይበልጣል። ከ4 ሰዓት በኋላ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ስለሚንቀጠቀጥ ሩቅ ያለ ወፍ ሁሉ በየትኛውም ሌንስ ደብዛዛ ይወጣል። ሰዎች ሌንሳቸውን የሚያማርሩት ብዙውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ባነሱት ፎቶ ነው።

ስለ ብርሃን ልኬት ጥቂት ልጨምር። ነጭ ሳቢሳን በፀሐይ ሲያነሱ ካሜራው ከጠቆረው ሣር ተነስቶ ብርሃን ስለሚጨምር የላባው ዝርዝር ይጠፋል፤ በካሜራው የብርሃን ማስተካከያ ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ እርከን ይቀንሱ። ክሬኑ አስቸጋሪ ነው፤ ጥቁርና ነጭ በአንድ አካል ላይ አሉ። ለነጩ የክንፉ ክፍልና ለጉንጩ ለክተው ሮው በሚባለው ጥሬ ፋይል ካነሱ ጥቁሩን በኋላ ማፍካት ይቻላል፤ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም። የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት ለሚራመድ ወፍ 1/500 ሰከንድ ይበቃል፤ ለሚበር 1/2000 ቢሆን ይመረጣል።

የመስኩን ባለቤቶች በተመለከተ፣ ካሜራውን ከቦርሳው ሳያወጡ አስቀድመው ሰላምታ ይስጡ፤ «አካም ቡልተን» ብለው ቢጀምሩ ደስ ይላቸዋል። ከዚያ ያነሱትን ፎቶ በካሜራው መስኮት ያሳዩዋቸው፤ የራሳቸውን በሬ በመጀመሪያ ቢያነሱላቸው ደግሞ የተሻለ ነው። ከዚያ በኋላ ወፎቹ የት እንደሚያድሩ የሚነግሩዎት እነርሱ ራሳቸው ናቸው። ክሬኖች ባጠቃላይ መሬት ላይ ወይም ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ባለዘውዶቹ ብቻ የኋላ ጣታቸው ረጅም ስለሆነ ቅርንጫፍ ጨብጠው ዛፍ ላይ ማደር ይችላሉ። የማደሪያውን ዛፍ ከእረኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

በነገራችን ላይ መረጃ ሲፈልጉ የጅማውን ቦዬ ከሀዲያው ቦዮ ጋር እንዳያምታቱ። ሁለቱም ረግረግ ናቸው፣ ሁለቱም በክሬን ይጠቀሳሉ፤ በኢንተርኔት ላይ የአንዱ ፎቶ በሌላው ስም ተለጥፎ አይቻለሁ።

መልስ፦ የከብት ሐኪም

ወንድማችን ሳቢሳ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ከሙያዬ አንጻር ጥቂት ልጨምር። በከብት መካከል ሲቀመጡ በቅርቡ የወለደች ላም ካለች ከጥጃዋና ከእርሷ መካከል እንዳይገቡ፤ እረኛውን አስቀድመው ይጠይቁ። የቦዬም ሆነ የግልገል ጊቤ ውኃ ጉማሬ ያለበት ስለሆነ ከጨለማ በፊት ከውኃው ዳር ይራቁ፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው።

ከከብት ጋር የተያያዙት ወፎች ሳቢሳና ክሬን ብቻ አይደሉም። ወደ ሰርቦና ወደ አሰንዳቦ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በተለይም ወደ ጊቤ ቆላ ሲጠጉ፣ በበሬ ጀርባ ላይ የሚንጠላጠሉ መዥገር ለቃሚ ወፎችን ይፈልጉ። ለፎቶ በጣም አመቺ ናቸው፤ በሬው እስካልሸሸ ድረስ እነርሱም አይሸሹም፤ ስለዚህ ዓይናቸው ሳይቀር ጥርት ብሎ እንዲታይ ማንሳት ይቻላል። ገበሬው ግን ለእነርሱ ያለው ስሜት ድብልቅ ነው፤ መዥገር ቢለቅሙም ቁስል ካገኙ እየጎረጎሩ ደም ይጠጣሉና። ለመዥገር ተብሎ በከብት ላይ የሚረጨው መድኃኒት ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ወገን ከሆነ መዥገሩን የሚበላውን ወፍም ይመርዛል፤ አሚትራዝ የተባለው ግን ለወፎቹ የሚያሰጋ እንዳልሆነ በደቡባዊ አፍሪካ ከብት አርቢዎች ዘንድ ይታወቃል። የትኛው መንጋ ላይ ወፎቹ እንደሚታዩ፣ የትኛው ላይ እንደማይታዩ ፎቶዎ ከነቀኑ ቢመዘግብ ለእኛ ለሐኪሞች ትልቅ ጥቅም አለው።

ከሁሉ በላይ አደራ የምልዎ ግን ማንም ፎቶ ሊያነሳው የማይፈልገውን ጥንብ አንሳ ነው። ከቄራና ከቆሻሻ መጣያ አካባቢ የሚሰበሰበው ትንሹ፣ ፊቱ ሮዝ፣ ማጅራቱ ላይ ቆብ የመሰለ ለስላሳ ላባ ያለው ጥንብ አንሳ ለእኛ የዘወትር ጎረቤት ስለሆነ የበዛ ይመስለናል፤ በዓለም ደረጃ ግን ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ ተመድቧል። በአፍሪካ ዋናው ገዳዩ መርዝ ነው፤ ጅብ ወይም የባዘነ ውሻ ለመግደል በሥጋ ላይ የተደረገ መርዝ፣ የሞተውን ውሻ የሚበሉትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። በእስያ የሆነው ደግሞ ለእኛ ሙያ የማይረሳ ነው፤ ዳይክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ለከብት ይሰጥ ስለነበር፣ መድኃኒቱ በሰውነቱ እንዳለ የሞተውን ከብት የበሉ ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው እየከሸፈ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹ አለቁ። ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱን ለከብት እንዳይውል የከለከሉት በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ በምትኩ ሜሎክሲካም ይሰጣል። እዚህ ያለን ባለሙያዎች መድኃኒት ስናዝ ይህን ማሰብ ይኖርብናል። አባ ኮዳም እዚያው ቄራ አጠገብ ስላለ፣ ሽታውን ከቻሉ የአንድ ጠዋት ሥራ አያጡም።

መልስ፦ ጥላ ቡና

ስለ ሌሎች ቦታዎች ለጠየቁት እኔ ልመልስ፤ ሁሉም ሰው ወደ ረግረጉ ሲያይ ቡናው ተረሳ። ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ፣ ወይም በሸቤ መንገድ ወደ በለጠ ደን ቢወጡ በዋንዛ፣ በቢርቢራና በሰሳ ጥላ ሥር የሚበቅል ቡና ያገኛሉ። የጥላ ቡና ለወፍ ከብዙ እርሻ የተሻለ መጠለያ ነው፤ ይሁን እንጂ ከደኑ ጋር እኩል አይደለም። ቡናውን ለመንከባከብ የሥሩ ቁጥቋጦ ስለሚመነጠር በዝቅተኛው ጥሻ ውስጥ የሚኖሩት ወፎች ያለ ተፈጥሮ ደን አይበረክቱም። ስለዚህ ሁለቱ የሚገናኙበትን ዳር ይምረጡ።

እዚያ መራመድ ከንቱ ድካም ነው። ፍሬ ያፈራ ሾላ ወይም ዋንዛ ይፈልጉና ሥሩ ይቀመጡ። የክንፉ ድምፅ ከሩቅ የሚሰማው፣ ምንቃሩ ላይ ትልቅ ቅርፊት የተሸከመው ብርማ ጉንጭ ሆርንቢል ወደ ፍሬው ይመጣል። ነጭ ጉንጩ ቱራኮም እንዲሁ፤ ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ቅጠሉ ውስጥ ይጠፋል፤ ሲበር ግን ክንፉ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይገለጣል። ያ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበት፣ በቱራኮ ወገን ብቻ የሚገኝ ቀለም ነው። ፎቶ የሚነሳው ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሊሻገር ሲል ነውና አስቀድመው ክፍት ቦታው ላይ ያነጣጥሩ። ከጎጆዬ ፊት ለፊት ያለው ዋንዛ ሲያፈራ ሥራ የሚያስፈታኝ እርሱ ነው።

ሌንስዎን በተመለከተ ግን ከሳቢሳ ትንሽ እለያለሁ። በሜዳ ላይ በቂ የሆነው ሌንስ ከጥላ ሥር ብርሃን ያጥረዋል። አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን መጠን) ወደ 3200 ከፍ ማድረግ ግድ ነው፤ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ቢመስልም ከተንቀጠቀጠ ይሻላል። ሌላው ጠላት እርጥበት ነው። የጅማ ዝናብ በዓመት 1500 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በቦርሳ ተቆልፎ የከረመ ሌንስ ውስጡ ሻጋታ ያበቅላል። እርጥበት የሚመጠው ሲሊካ ጄል የተጨመረበት፣ ክዳኑ ጠበቅ ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያኑሩት፤ አልፎ አልፎም አውጥተው ይጠቀሙበት።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ግን የለቀማ ወቅት ስለሆነ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ ቡና ውስጥ አይግቡ። ቦርሳ ይዞ ቡና መካከል የተገኘ እንግዳ የሚጠረጠረው በቀያሽነት አይደለም።

መልስ፦ ታዛቢ

ከላይ የተሰጡት ምክሮች ለበጋ መልካም ናቸው። ክረምት ሲገባ ግን ከብት ተከትሎ ረግረጉ መካከል መግባትን እቃወማለሁ። ባለዘውዱ ክሬን ጎጆውን የሚሠራው በዝናቡ ወራት፣ ውኃ በተኛበት ረጅም ሣር ውስጥ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ይጥልና ወንድና ሴቱ እየተፈራረቁ አንድ ወር ያህል ይታቀፋሉ። በዚያ ጊዜ ፎቶ አንሺ ጎጆ ፍለጋ ሣሩን እየከፈለ ሲሄድ ወላጆቹ ይነሳሉ፣ የከፈተውም መንገድ ለውሻና ለልጆች ይቀራል። ዝርያው በዓለም ደረጃ ለአደጋ የተጋለጠ ተብሎ የተመዘገበ ስለሆነ አንድ ጎጆ መበላሸቱ ቀላል ነገር አይደለም። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ከመንገዱ ዳር ይሥሩ። ባጃጅ ተከራይተው ሞተሩን አጥፍተው ከውስጥ ሆነው ቢያነሱ ወፎቹ ባጃጁን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም፤ ከዝናብም ይጠለላሉ።

ጎጆ ድንገት ቢያጋጥምዎ ፎቶውንም ቦታውንም በማኅበራዊ ሚዲያ አይለጥፉ። ስልክ ፎቶ ላይ የቦታ መረጃ አብሮ ስለሚያስቀምጥ አስቀድመው ያጥፉት። የወፍ ድምፅ በስልክ እያጫወቱ ወፉን መጥራትም በመራቢያ ወቅት ተገቢ አይደለም፤ ወፉ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ጎጆውን ትቶ ሲጨቃጨቅ ይውላል። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ከመሆኑም ሌላ፣ ክሬኖቹ ከላይ የሚመጣን ነገር ሁሉ እንደ ንስር ነው የሚያዩት። ወደ ግልገል ጊቤ የሚሄዱ ከሆነም ካሜራዎን ወደ ግድቡና ወደ ድልድዩ አያዙሩ፤ ጥበቃ አለው። ከግድቡ ርቆ ያለው የሐይቁ ዳርቻ ግን ለውኃ ወፍ ሰፊ ነው፤ ዓሣ በላ ንስርም ዳክዬም ይታይበታል።

አዲሱ ነዋሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማቆሚያውን ቁምሳጥን ላይ ሰቅዬዋለሁ። ታዛቢ የጻፉት እንዳለ ሆኖ አሁን በጋ ስለሆነ በሳቢሳ ምክር እጀምራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግር፤ ለሌንስ ካሰብኩት ገንዘብ በጥቂቱ ምን ብገዛ ይሻለኛል?

ሳቢሳ

ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ይግዙ፤ 8 በ42 የሚባለውን። 8ቱ የሚያቀርብበት እጥፍ ነው፣ 42ቱ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ በጉምና በጥላ ውስጥ የሚጠቅምዎ ይህ ስፋቱ ነው። 10 እጥፍ የሚያቀርበው የተሻለ ይመስላል፤ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ስለሚያጎላ ለጀማሪ አይመችም። ኢበርድ የተባለውን መተግበሪያ በስልክዎ ጭነው ያዩትን ከነቀኑና ከነቦታው ይመዝግቡ፤ ከጅማ አካባቢ የሚገባው መዝገብ ጥቂት ስለሆነ የተራ ሳቢሳ ቁጥር እንኳ ዋጋ አለው። ሐኪሙ የጠየቁትም የመዥገር ለቃሚዎቹ መረጃ በዚያው ይቀመጣል።

የከብት ሐኪም

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ትልልቆቹ ወደ ገበያ ይወጣሉ፤ ከብቱን ይዘው የሚመጡት ልጆች ናቸው፣ መንጋውም ዘግይቶ ይገባል። ሽማግሌውን ለማግኘት ሌላ ቀን ይምረጡ፤ የበሬያቸውንም ፎቶ አሳጥበው ይውሰዱላቸው።